«አያቱ እኮ ጣልያን ነው»፦ የሰፋሪዎቹን ዱካ ከወገራ እስከ ጋይንት በመዝገብ ስንፈልግ

ንፋስ መውጫም ሆነ አርብ ገበያ፣ መልኩ ቀላ፣ አፍንጫው ሰልከክ ያለ ሰው ሲያልፍ «የእሱ አያት እኮ ጣልያን ነው» የሚል አይጠፋም። አንዳንዴ ቀልድ ነው። አንዳንዴ ስድብ ነው። አንዳንዴ ደግሞ እውነት ነው። እኛን ያሳሰበን ይህ ሦስተኛው ነው፤ እውነት ከሆነ የት ተጽፎ ይገኛል? ጣልያን አገራችን ላይ አምስት ዓመት ቆይቷል። ወታደር ብቻ ሳይሆን ሾፌር፣ ግንበኛ፣ ነጋዴና ገበሬም አስከትሎ መጥቷል። እነዚያ ሰዎች በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምን ትተው ሄዱ ብሎ ወረቀት የሚያገላብጥ ወጣት ብዙ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ይመለሳል። ለምን?

መጀመሪያ ሮም ምን አስባ እንደነበር እንይ። የስታራቼ ጦር ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ል ነው። ብዙም ሳይቆይ የፋሺስቱ መንግሥት ለራሱ ሕዝብ የገባውን ቃል መፈጸም ጀመረ፤ መሬት ለሌለው የጣልያን ገበሬ በኢትዮጵያ መሬት ማደል። በሆለታና በቢሾፍቱ የገበሬ ሰፈር ተቋቋመ። ከዚያም በጣልያን አውራጃዎች ስም የተጠሩ ሦስት የሰፈራ ድርጅቶች ተፈጠሩ። የፑሊያው ለጨርጨር፣ የቬኔቶው ለጅማ አካባቢ፣ የሮማኛው ደግሞ ለእኛው ለጎንደር ተመደበ። ሮማኛ የሙሶሊኒ የትውልድ አገር ናት፤ «የኢትዮጵያ ሮማኛ» የተባለውም ድርጅት በ1930 ዓ.ል ሲመሠረት ስሙ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ቦታው ከጎንደር በስተሰሜን ያለው፣ ገብስና ስንዴ የሚያበቅለው የወገራ ደጋ ነበር። ወገራ ከጋይንት ይርቃል፤ ነገር ግን በጣልያን አከፋፈል ሁለቱም ጎንደርን መዲናው ባደረገው «አማራ» በተባለው ግዛት ሥር ነበሩ። የመሬቱም ሥርዓት አንድ ነው። ስለዚህ ወገራ ላይ የሆነው ጋይንት ላይ ለምን እንዳልሆነ ያስረዳናል።

ወገራ ላይ የሆነው፣ በአጭሩ፣ አለመሳካት ነው። አንደኛው እንቅፋት ርስት ነበር። ርስት በገበያ እንደሚሸጥ ቦታ አንድ ባለቤት የለውም። በእናትም በአባትም ከመጀመሪያው አቅኚ መወለዱን ቆጥሮ ያሳመነ ሁሉ ድርሻ ይጠይቅበታል። ዛሬ እዚያ የማያርስ ሰው እንኳ ነገ መጥቶ «ይገባኛል» ሊል ይችላል። የጣልያን ሹም «ባለቤት የሌለው መሬት የታለ?» ብሎ ሲጠይቅ ባለቤቱ ያልጠፋ፣ ይልቁንም የበዛ መሬት ነው የጠበቀው። ሁለተኛው እንቅፋት ጠመንጃ ነው። በ1929 ክረምትና በ1930 መግቢያ ላይ ከጋይንት በስተምሥራቅ ላስታ ላይ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ተነሡ፤ በጌምድርና ጎጃምም ተከተሉ። ደጃዝማች ኃይሉ በዚያው መስከረም ተገደሉ፤ አመፁ ግን አልሞተም። ከምሽጉ ርቆ ማረስ የማይችል ገበሬ ደግሞ ሰፋሪ ሊባል አይችልም።

ይህን ከሊቢያ ጋር ብናስተያየው ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1938 ጣልያን በአንድ ጉዞ ብቻ ሃያ ሺህ ያህል ሰፋሪ በመርከብ ጭኖ ሊቢያ አውርዷል። እዚያ ለምን ተቻለ? የምሥራቅ ሊቢያ አርብቶ አደር አስቀድሞ ከቀየው ተነቅሎ፣ በሽቦ የታጠረ ካምፕ ውስጥ ገብቶ፣ በረሃብና በበሽታ አልቆ ነበርና። ያንን ዘመቻ የመራው፣ ሸይኽ ዑመር አል-ሙኽታርን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1931 ያሰቀለው ግራዚያኒ ነው። ያው ግራዚያኒ ነው በኋላ አዲስ አበባ ላይ እንደራሴ ሆኖ የየካቲት 12ን እልቂት ያስፈጸመው። ሙሶሊኒ ደግሞ ከየካቲት 12 አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ትሪፖሊ ላይ «የእስልምና ሰይፍ» የሚባል ሰይፍ ተቀብሎ የሙስሊሞች ጠባቂ ነኝ አለ። እዚህም አገር መስጂድ አሠራ፣ ለቃዲዎች ሥልጣን ሰጠ፣ ዐረብኛ እንዲማሩ ፈቀደ። እነዚህ የተደረጉ ነገሮች ናቸው፤ አንክድም። ለአያቶቻችንም የተከለከሉት ነገር ስለነበር እፎይታ የተሰማቸው ነበሩ። ነገር ግን «ጣልያን ሙስሊም ይወድ ነበር» የሚለውን ወሬ ለሚደግምልን ሰው መልሱ ሊቢያ ነው።

አሁን ወደ መዝገቡ። በጎንደር አካባቢ «የአገር መዝገብ» ሲባል ብዙውን ጊዜ በቤተ ክርስቲያን የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተጻፈ የመሬት ጽሑፍ ማለት ነው። ሽያጭ፣ ስጦታ፣ ውርስ፣ ሙግት፣ ምስክሮቹ እነማን እንደነበሩ ሁሉ አለበት። ዶናልድ ክረሚ የተባለው የታሪክ ምሁር ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር እነዚህን ጽሑፎች ከየአድባራቱ ሰብስቦ ትልቅ መጽሐፍ ጽፎባቸዋል። ሀብታም መዝገብ ነው፤ ግን የመሬት መዝገብ ነው። በርስትም በጉልትም ከመሬት ጋር ያልተያያዘ ሰው እዚያ ውስጥ እምብዛም አይገባም። ወገራ ላይ ድንኳን ተክሎ ብዙም ሳይቆይ የተነሣ ጣልያን እዚያ ባይጻፍ አይገርምም።

የሚገርመው ሌላው ነው። በዚያው ኅዳግ ላይ የራሳችንን ሰዎች ብንፈልግም እንዲሁ እናጣለን። በደጋው ሙስሊም በአብዛኛው ርስት አይሰጠውም ነበር። ስለዚህ ሸማኔ ሆነ፣ ነጋዴ ሆነ፣ ጭነቱን በበቅሎና በአህያ ጭኖ ከገበያ ገበያ ዞረ። መሬትን በስሙ ማግኘት የቻለው የካቲት 25 ቀን 1967 በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። እንግዲህ አምስት ዓመት ብቻ የኖረው ጣልያንና መቶ ዓመታት የኖረው ሙስሊም ነጋዴ በአንድ መዝገብ ውስጥ እኩል የሉም። ከዚህ ተነሥቶ «አልነበሩም» የሚል ሰው ካለ የተሳሳተው ስለ ሁለቱም ነው። ጥቂት ሰው በቃሉ ሲፎክር «መዝገብ ውስጥ የለህም፣ መጤ ነህ» ይላል፤ መዝገቡ ማንን ለመጻፍ እንደተዘጋጀ ግን አይጠይቅም።

ጣልያኑን የደበቀው ግን የብራናው ኅዳግ ብቻ አይደለም። የራሱ መንግሥት ሕግም ደብቆታል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1937 የወጣ ድንጋጌ ጣልያን ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት መኖሩን ወንጀል አደረገው፤ ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1940 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጣ። ከጣልያን አባት የተወለደ ክልስ ልጅ የእናቱ ወገን ሆኖ ይቆጠር፣ አባቱም ልጄ ብሎ እንዳይቀበለው፣ ስሙንም እንዳይሰጠው የሚል ነው። ሕጉ ከጦርነቱ በኋላ ተሽሯል፤ ልጆቹ ግን በዚያን ጊዜ ተወልደዋል፣ ተሰይመዋልም። የእናቲቱ ሃይማኖት ምንም ይሁን ምን ልዩነት አልተደረገም፤ «የሙስሊም ወዳጅ» ነኝ ያለው መንግሥት ለሙስሊሟ እናት የተለየ አንቀጽ አላወጣላትም። በሱረቱል አሕዛብ 5ኛው አንቀጽ የታዘዝነው ልጅን በአባቱ ስም እንድንጠራ ነው፤ የሮም ሕግ የከለከለው ይህንኑ ነበር።

ስለዚህ ፈላጊው በመዝገብ ውስጥ «ጆቫኒ» የሚል ስም ቢጠብቅ ዕድሜ ልኩን ይጠብቃል። መፈለግ ያለበት የስም መሰበር ነው። የልጁ «አባት» ተብሎ የተጻፈው የእናቱ አባት ሆኖ የሚገኝበት፣ ወንድምና እህት ሳይሞቱ ሳይፋቱ የአባት ስማቸው የሚለያይበት፣ ወይም እንጀራ አባቱ ባልነበረበት ዓመት የተወለደ ልጅ በእንጀራ አባቱ የተጠራበት ቦታ። የዓመቱ ቁጥር ይረዳል። የደብረ ታቦር የጣልያን ጦር እጁን የሰጠው በ1933 ክረምት ነው፤ ጎንደር ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ጣልያን ተይዞ ወደ ውጭ ተልኳል፤ በእጅ ሙያው ተፈልጎ ወይም ራሱን ሰውሮ የቀረው ጥቂት ነው። በ1940ዎቹ ስለተወለደ ሰው «አባቱ የጣልያን ወታደር ነው» ከተባለ እንግዲህ ስለዚያ ስለቀረው ጥቂት ሰው ነው የምናወራው፤ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።

የአፍ ታሪክም ይጠቅማል፤ ግን ይፈተን። በእኛ አገር ጠንካራ ድንጋይ ሁሉ ወይ የፖርቱጋል ወይ የጣልያን ነው። ንፋስ መውጫን ከወረታና ከወልድያ ጋር የሚያገናኘውን መንገድ የጣልያን የሚል ሰው ቢያጋጥመን አይገርመንም፤ ዛሬ የምንሄድበት መንገድ ግን በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት ነው። ይልቅ ጣልያን በማያጠራጥር መንገድ ጥሎት የሄደው አፋችን ውስጥ ነው። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ቦሎ፣ ፉርኖ፣ ሳልሳ። ዝርዝሩን ስናየው ገበሬው የለበትም። ሾፌሩ፣ መካኒኩና ጋጋሪው ናቸው ያሉት። ሮም የላከችው ገበሬ ሳይሆን ያልጠበቀችው ሾፌር ነው በቋንቋችን ውስጥ የሰፈረው።

በሙስሊም ቤተሰብ በኩል ለሚፈልግ አንድ የተለየ በር አለ። የቃዲዎች ጉባኤ በ1936 ዓ.ል በአዋጅ ቁጥር 62 ሕጋዊ መልክ ይዟል፤ ኒካሕ፣ ፍቺና ውርስም በእነሱ ፊት ያልቁ ነበር። ኒካሕ ላይ ሰው በውልብታ ሊያልፍ ይችላል። ውርስ ላይ ግን አይቻልም። ሟች ሲሞት ቃዲው ለእያንዳንዱ ወራሽ «አባትህ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ኒካሕ ሳይኖር የተወለደ ልጅ ከእናቱና ከእናቱ ወገን እንጂ ከአባቱ አይወርስምና ድርሻው በመልሱ ይወሰናል። አንድ ልጅ ከእናቱ ሲወርስ ተጽፎ፣ እናቱን ካሳደገው ባል ግን ሳይወርስ ከቀረ፣ እዚያ ወረቀት ላይ ጸሐፊው የቃዲውን ጥያቄና የተሰጠውን መልስ አስፍሮ ይሆናል። አያቴ ጣልያን ነው የተባለ ሰው ፍለጋውን ከዚያ ፋይል፣ ከአያቱ ሳይሆን ከሴት አያቱ ስም ይጀምር።