የኡስታዙ ደመወዝ፦ ከመዲና እስከ ኢስታንቡል



ባለፈው ዓመት በማስቀራበት መድረሳ የወላጆች ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ጉዳዩ አንድ ነው፤ የኡስታዞች ደመወዝ ይጨመር ወይስ ባለበት ይቆይ? ዐሥር ዓመት ያስቀራው ኡስታዝ ትናንት ከተቀጠረው ወጣት የሚበልጠው በጥቂት ብር ነው። ኪታብ የሚያስቀራውና አሊፍ ባ የሚያስቆጥረውም ቢሆኑ ልዩነታቸው ብዙ አይደለም። ውይይቱ ሲሞቅ አንድ አባት ተነሡና፣ በቅን ልቦና ይመስለኛል፣ «ኡስታዙ ለአላህ ብሎ የሚያስተምር ከሆነ የደመወዝ ነገር ለምን ያስጨንቀዋል?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም ከኡስታዞቹ አንዱ ነኝና መልስ ለመስጠት አፈርኩ። ጥያቄው ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ኪታቦቼን ማገላበጥ ጀመርኩ። ለካስ ሰውየው የጠየቁት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ኖሯል።

ከሁሉ አስቀድሞ የምናገኘው በኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዘመን የነበረውን ነው። በመዲና ሕፃናትን የሚያስተምሩ ሦስት መምህራን እንደነበሩና ዑመር ለእያንዳንዳቸው በየወሩ 15 ድርሃም ይሰጧቸው እንደነበር ተዘግቧል። ክፍያው የሚመጣው ከወላጅ ኪስ ሳይሆን ከበይተል ማል ነው። ከዚያ በኋላ ኸሊፋ ዑመር ኢብን ዐብዱል ዐዚዝ የዚድ ኢብን አቢ ማሊክንና ሓሪስ ኢብን የምጁድን የገጠሩን ሕዝብ እንዲያስተምሩ ላኳቸው፤ ደመወዝም ቆረጡላቸው። የዚድ ተቀበሉ፤ ሓሪስ ግን አላህ ባስተማረኝ ዕውቀት ላይ ዋጋ አልቀበልም ብለው መለሱ። ነገሩ ለኸሊፋው ሲነገራቸው ምን አሉ? የዚድ ባደረገው ነገር ምንም ነውር አናይበትም፤ እንደ ሓሪስ ያለውንም ሰው አላህ ያብዛልን አሉ። እኔ ይህን ታሪክ ስወደው ለብቻው ነው። ኸሊፋው ሁለቱንም አከበሩ እንጂ በአንዱ ሌላውን አላሳፈሩም።

ፉቀሃዎች ግን በዚህ አልተስማሙም። ዑባደቱ ኢብኑ ሷሚት (ረ.ዐ) ላስተማሩበት ቀስት በስጦታ ተሰጥቷቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንደሰጧቸው የሚናገረውን ሐዲስ የያዙ ነበሩ። በሌላ ወገን ደግሞ በቡኻሪ የተዘገበውና ለአላህ ኪታብ ዋጋ መቀበልን የሚፈቅደው ሐዲስ አለ። ኢማሙ ማሊክና ኢማሙ ሻፊዒይ ፈቀዱ። የጥንቶቹ ሐነፊዮች ከለከሉ፤ የኋለኞቹ ግን ወደ ፈቃድ መጡ። አል-ሒዳያ የተባለውን ኪታብ የጻፉት ኢማም መርጊናኒ (በ1197 ያረፉት) በዘመናቸው ይህ ፈቃድ እንደተያዘ ያሰፍራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በቀድሞው ጊዜ መምህሩን በይተል ማል ይቀልበው ነበር። ያ ሲቋረጥ ደግሞ መምህሩ ወይ ማስተማሩን ይተዋል ወይ ይራባል። ሑክሙ የተለወጠው የመምህራን ኢኽላስ ስለቀነሰ ሳይሆን የሚከፍለው ክፍል ስለጠፋ ነው!

(ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖችም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የሚከፍል አካል እንደገና የተገኘው በወቅፍ ነው። የሰልጁቆች ወዚር ኒዛሙል ሙልክ በ1067 በባግዳድ የኒዛሚያን መድረሳ አስከፈቱ፤ ለመምህሩም ለተማሪውም ቋሚ መተዳደሪያ ቆረጡ። ይህ ወሬ ማወራአንነህር ሲደርስ የዚያ አገር ዑለማ የልቅሶ ጉባኤ ተቀመጡ ይባላል። ከእንግዲህ ዕውቀት የሚፈለገው ለደመወዝ ሊሆን ነው ብለው ነው ያለቀሱት። ኢማም ገዛሊም በ1091 በዚሁ መድረሳ ተሾመው ሦስት መቶ ያህል ተማሪዎች ሲያስተምሩ ቆይተው፣ ኒያዬ ክብርንና ዝናን የተቀላቀለ ነው ብለው በ1095 ትተውት ሄዱ። ይሁንና በ1106 ወደ ኒሳቡሩ ኒዛሚያ ተመልሰው አስተምረዋል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የመምህራንን ደመወዝ በአገር፣ በሥራ ድርሻና በአገልግሎት ደረጃ ለያይቶ በሥርዓት ያስቀመጠ መንግሥት ቢኖር ዑስማኒያ ነው። የመጀመሪያው የዑስማኒያ መድረሳ በሱልጣን ኦርሃን ዘመን በ1331 በኢዝኒክ ተከፈተ። ሙደሪሱ ዳውድ አል-ቀይሰሪ ነበሩ፤ የተቆረጠላቸውም በቀን 30 አክቼ ነው። አክቼ ትንሽ የብር ሳንቲም ናት። ደመወዝ በወር ሳይሆን በቀን ይታሰብ ነበር። ቆይቶም ይህ የቀን ሒሳብ የመድረሳው ስም እስከመሆን ደረሰ። ባለ ሃያ፣ ባለ ሠላሳ፣ ባለ አርባ፣ ባለ ሃምሳ ይባል ጀመር። ዛሬ በመንግሥት ትምህርት ቤት ጀማሪ መምህር፣ መለስተኛ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር እንደምንለው ማለት ነው። ልዩነቱ ያኔ ማዕረጉ ራሱ በገንዘቡ መጠራቱ ነው።

ሱልጣን መሕመድ ፋቲሕ ኢስታንቡልን ከከፈቱ በኋላ ከ1463 ጀምሮ በመስጊዳቸው ዙሪያ ስምንት መድረሳዎች አሠሩ። «ሰሕን» ይባላሉ። የእያንዳንዱ ሙደሪስ ደመወዝ በቀን 50 አክቼ ሆነ። ከሙደሪሱ ሥር ሙዒድ አለ። ትርጉሙ «የሚደግም» ማለት ሲሆን፣ ሙደሪሱ ያስቀራውን ለተማሪዎች ደግሞ የሚያብራራ፣ ራሱም ገና ተማሪ የሆነ ሰው ነው። እኛ አገር ትልቁ ደረሳ ትንሹን እንደሚያስቀራው ዓይነት ነው። የሙዒዱ ድርሻ 5 አክቼ ነበር። ዳኒሽመንድ የሚባለው ከፍተኛ ተማሪ 2 አክቼና ከወቅፉ ማዕድ ቤት ምግብ ያገኛል። ከዚያ በታች ያለው ሶፍታ የሚያገኘው በዋናነት ምግብና ማደሪያውን ነው። እስቲ አስተውሉ! በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ኪታብ ላይ ተቀምጠው፣ በሙደሪሱና በሙዒዱ መካከል ያለው ልዩነት ዐሥር እጥፍ ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የሱለይማኒያ መስጊድ ሲሠራ (1550-1557) ሙያ የሌለው የቀን ሠራተኛ የሚያገኘው ወደ 5 ወይም 6 አክቼ ነበር። ሙዒዱ እንግዲህ ከድንጋይ ተሸካሚው ጋር እኩል ነው ማለት ነው። የሠፈሩን ሕፃናት ቁርኣን የሚያስቀራው ሙዐሊምም ከጥቂት አክቼ የዘለለ አልነበረውም። ፊደሉንና ቁርኣኑን ያስያዘ እርሱ ሆኖ ሳለ ከደረጃው ግርጌ የተቀመጠውም እርሱ ነው።

የአገር ልዩነትም ነበረ። ከፍተኛ ደመወዝ ያላቸው መድረሳዎች በብዛት የሚገኙት በሦስቱ መዲናዎች ማለትም በቡርሳ፣ በኤዲርኔና በኢስታንቡል ነው። ምክንያቱ የክፍለ ሀገሩ መምህር ዕውቀት ያነሰ ስለነበር አይደለም። የሱልጣኖች ወቅፍ ከኋላው ገበያ፣ ሐማምና ብዙ መንደር አለው፤ በአነስተኛ ከተማ ያለ አንድ አሚር ወይም ነጋዴ የሚያቆመው ወቅፍ ግን ገቢው ውስን ነው። ሙደሪሱም የሚከፈለው ዋቂፉ በወቅፍ ሰነዱ ባሰፈረው ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ መምህር ደመወዙ እንዲያድግ ከፈለገ አገር መልቀቅ ነበረበት።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑን ታሽኮፕሩዛዴ ናቸው። እኚህ ዓሊም በ1495 በቡርሳ ተወለዱ። የዑስማኒያን ዑለማ የሕይወት ታሪክ የያዘውን «አሽ-ሸቃኢቁን ኑዕማኒያ» የተባለውን ኪታብ ጽፈው በመጨረሻው ላይ የራሳቸውንም ጉዞ አስፍረዋል። ማስተማር የጀመሩት በ1525 ዲሜቶካ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከዚያ ወደ ኢስታንቡል፤ ከዚያ በባልካን ወዳለችው ወደ ኡስኩብ፤ እንደገና ወደ ኢስታንቡል፤ ከዚያ ወደ ኤዲርኔ። ወደ ሰሕን የደረሱት በ1539 ነው። ዐሥራ አራት ዓመት መሆኑ ነው። በየቦታው ያስቀሯቸውን ኪታቦች ሁሉ እየዘረዘሩ ጽፈዋል። ቤተሰብ ጭኖ፣ ኪታብ ጭኖ ከከተማ ከተማ መዞር ምን ማለት እንደሆነ በክፍለ ሀገር ያስተማረ ሰው ያውቀዋል።

ወደ መጀመሪያው እርከን መግባቱም ቀላል አልነበረም። ትምህርቱን የጨረሰ ሰው ስሙ በመዝገብ ሰፍሮ ተራ ይጠብቃል፤ ይህን መዝገብ ሥርዓት ያስያዙት አቡ ሱዑድ አፈንዲ ናቸው። ተራ ጠባቂው በዚያ ሁሉ ጊዜ ደመወዝ የለውም። በአንጻሩ የታላላቅ ዑለማ ልጆች ከሌላው ከፍ ካለ እርከን እንዲጀምሩ ተፈቀደላቸው። ነገሩ ቀስ በቀስ እየባሰ ሄዶ በኋለኛው ዘመን ገና ያልደረሱ ልጆች ማዕረግ ይሰጣቸው ስለነበር ሕዝቡ «የአልጋ ዑለማ» እያለ አሾፈባቸው፤ የሕፃን አልጋ ማለታቸው ነው።

ሌላው ችግር ደግሞ ይህ ነው። በመምህርነት የሚደረስበት ጣሪያ 60 አክቼ ገደማ ሲሆን፣ የትልልቅ ከተሞች ቃዲነት ግን በ500 አክቼ የሚታሰብ ማዕረግ ነበር። ስለዚህ ሰሕን የደረሰው ዓሊም ዓይኑ ወደ ቃዲነት ያይ ጀመር። ታሽኮፕሩዛዴ ራሳቸው በ1545 የቡርሳ ቃዲ ሆኑ፤ በ1547 ወደ ሰሕን ተመለሱ፤ በ1551 ደግሞ የኢስታንቡል ቃዲ ሆኑ። መምህርነት ለብዙዎች መሻገሪያ ድልድይ ሆነ። ጎበዝ የተባለው መምህር ልክ በበሰለበት ጊዜ ከተማሪዎቹ ይለይ ነበር። ይህን ሳነብ ስንት ጎበዝ የሒሳብና የዐረብኛ መምህር ማስተማሩን ትቶ ቢሮ እንደገባ አስታወስኩ።

ከዚያ በ1580ዎቹ አጋማሽ ሌላ መዓት መጣ። በሱልጣን ሙራድ ሦስተኛው ዘመን በአክቼ ውስጥ ያለው የብር መጠን ተቀነሰ። ቀድሞ አንድ የወርቅ ሳንቲም በ60 አክቼ ይመነዘር የነበረው 120 አክቼ ገባ። የባለ ስድሳው ሙደሪስ ደመወዝ በቀን አንድ ወርቅ ነበር፤ አሁን አንድ ወርቅ ለማግኘት ሁለት ቀን ማስተማር ሊኖርበት ነው። የወቅፉ ሰነድ የሚለው «60 አክቼ» ነው፤ ቁጥሩ አልተነካም። የተነካው የሚገዛው ዳቦ ነው። ወታደሮቹ የኒቼሪዎች በ1589 በረከሰው ገንዘብ አንከፈልም ብለው አመፁ፤ የሹማምንት ራስ ጠየቁ፤ ተሰጣቸውም። መምህራን ግን ሰይፍ አልነበራቸውም። አንዳንዱ ሁለት ሦስት ሥራ ደርቦ ያዘ፤ እያስቀራ ኢማምም ሆነ፣ ለሌላ ወቅፍም ቁርኣን ቀራ። ኮቺ በይ በ1631 ለሱልጣኑ ባቀረቡት ጽሑፍ የመድረሳ ሹመት ከዕውቀት ይልቅ በገንዘብና በአማላጅ እየሆነ መምጣቱን በምሬት ገልጸዋል።

ክፍያው በገንዘብ ባልነበረበት ቦታስ? እዚህ ላይ እኛን በቀጥታ የሚነካ ታሪክ አለ። በካይሮው አል-አዝሀር ከሐበሻ ምድር ለሄዱ ሙስሊሞች «ሪዋቁል ጀበርት» የሚባል ማደሪያ ነበራቸው። የሪዋቁ ሰዎች ከወቅፍ የሚቆረጥላቸው በየዕለቱ የዳቦ ራሽን ነበር። ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (በ1753 የተወለዱት) ከዚሁ ወገን ናቸው፤ አባታቸው ሸኽ ሐሰንና ከእርሳቸው በፊት የነበሩት አባቶቻቸው የዚህ ሪዋቅ አለቆች ነበሩ። ዳቦ እንደ አክቼ አይረክስም፤ አንድ ዳቦ ነገም አንድ ዳቦ ነው። ዳቦው የሚመጣበት መሬት ግን ሊወሰድ ይችላል። የግብፁ ገዥ ሙሐመድ ዐሊ ከ1809 ጀምሮ በወቅፍ መሬቶች ላይ ግብር ጣለ፤ በ1814 ደግሞ ብዙውን ወደ መንግሥት አዞረ። አል-ጀበርቲ ይህን በዓይናቸው አይተው በኪታባቸው መዝግበዋል።

በእኛ በወሎ ደግሞ ወቅፍም ሰነድም ሳይኖር ብዙ ተቀርቷል። በዳናም በጌታም ደረሳው ከየአገሩ ሄዶ ሲቀራ ያጎረሰው የአካባቢው ገበሬ ነው። ሸኹ ደመወዝ የላቸውም ሲባል ምንም አልነበራቸውም ማለት አይደለም። መሬት የሚያርስላቸው፣ እህል የሚያመጣላቸው፣ ሲታመሙ የሚጠይቃቸው ሕዝብ ነበራቸው። ዛሬ በከተማ የቤት ኪራይ የሚከፍል ኡስታዝ ይህ የለውም። የቤቱ ባለቤት ወሩ ሲሞላ የሚጠይቀው ብሩን ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ሁሉ ለመናገር ተዘጋጅቼ ሄጄ ነበር፤ ጊዜ ስላነሰ የተናገርኩት የየዚድንና የሓሪስን ታሪክ ብቻ ነው። ባለፈው የጠየቁት አባት በጥሞና ካዳመጡ በኋላ፣ «እኛስ ሓሪስን ስናደንቅ የዚድን ረስተን ኖረናል» አሉ። ኮሚቴውም ተወያይቶ የደመወዝ መክፈያው መዝገብ ላይ «የአገልግሎት ዘመን» የሚል አንድ ዓምድ እንዲጨመር ወሰነ። በዚያው ወር ልፈርም ስሄድ አየሁት። ከስሜ ትይዩ 11 ዓመት ተብሎ ተጽፏል። ከጎኑ ያለው የጭማሪው ዓምድ ገና ባዶ ነው፤ የወላጆች መዋጮ ሲሰበሰብ እንሞላዋለን ብለውናል።