የተማሪዎች ማኅበር ምርጫና የፍርድ ቤት ክርክር፤ ከዳካ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

ስለ ተማሪዎች ማኅበራት ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ሰላማዊ ሰልፉ፣ መፈክሩና የመሪዎቹ ስም ነው። ማኅበሩ መሪዎቹን በየስንት ጊዜው ይመርጥ እንደነበረ፣ ምርጫው ሲቀርም ተማሪው ወዴት አቤት ይል እንደነበረ ግን እምብዛም አይጠየቅም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ በባንግላዴሽ በሚገኘው በዳካ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አማካይነት መመርመር፣ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚጠቅመውንም ነጥብ ማመልከት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማኅበሩና ሕጉ

የዳካ ዩኒቨርሲቲ በ1921 ሥራውን ሲጀምር የተማሪዎቹም ማኅበር ብዙ ሳይቆይ ተቋቋመ። በፌብሩዋሪ 21 ቀን 1952 ቤንጋልኛ የመንግሥት ቋንቋ እንዲሆን ጠይቀው አደባባይ ከወጡትና በጥይት ከወደቁት መካከል የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይገኝ ነበር። ዩኔስኮ በ1999 ይህንኑ ቀን ዓለም አቀፍ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ብሎ መሰየሙ ይታወቃል። በማርች 2 ቀን 1971 የአዲሲቱን አገር ሰንደቅ ዓላማ በዩኒቨርሲቲው ግቢ የሰቀለውም የማኅበሩ ምክትል ፕሬዚዳንት አብዱር ራብ ነበር።

ከነፃነት በኋላ የወጣው የ1973 የዩኒቨርሲቲ ድንጋጌ በከፍተኛው ጉባኤ፣ ማለትም በሴኔቱ፣ ለተማሪዎች ተወካዮች 5 መቀመጫ መደበ። ተወካዮቹ የሚላኩት በማኅበሩ በኩል ነው። ስለዚህ የማኅበሩ ምርጫ ሲቀር የሚቋረጠው የክበባትና የስፖርት እንቅስቃሴ ብቻ አይደለም፤ በዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ውስጥ ሕግ የሰጠው የተማሪ ድምፅ ጭምር ይጠፋል።

የ28 ዓመት ዝምታ

በማኅበሩ መተዳደሪያ መሠረት የአመራሩ ዘመን አንድ ዓመት ቢሆንም፣ ከ1971 በኋላ ምርጫው የተካሄደው አልፎ አልፎ ነበር። በጣም የሚያስገርመው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። በ1989 እና በ1990 የጄኔራል ኤርሻድ ወታደራዊ አገዛዝ ገና ሳይወድቅ ሁለት ጊዜ ምርጫ ተደረገ። ኤርሻድ በዲሴምበር 1990 ከሥልጣን ከወረደና በሕዝብ የተመረጡ መንግሥታት ከተተኩ በኋላ ግን እስከ 2019 ድረስ አንድም ምርጫ አልተካሄደም።

አስተዳደሩ ዘወትር የሚያቀርበው ምክንያት የጸጥታ ሥጋት ነበር። በግቢው ደም መፍሰሱ የማይካድ በመሆኑ ሥጋቱ መሠረተ ቢስ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ምርጫው መቅረቱ ሰላም አላመጣም። የመኝታ አዳራሾቹን በየተራ የሚቆጣጠረው በሥልጣን ላይ ያለው ፓርቲ የተማሪዎች ክንፍ ሆነ፤ ያለ ምርጫ የያዘውንም ሥልጣን በድምፅ ለማስፈተን የሚቸኩል አልተገኘም።

ጉዳዩ በፍርድ ቤት

በ2012 የተወሰኑ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲው ሕጋዊ ግዴታውን እንዲፈጽም ይታዘዝልን ሲሉ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት አቤቱታ አቀረቡ። ውሳኔው የተሰጠው ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በጃንዋሪ 17 ቀን 2018 ሲሆን፣ ምርጫው በ6 ወር ውስጥ እንዲካሄድ ያዝዝ ነበር። የ6 ወሩ ጊዜ አለፈ፤ ትእዛዙም በይግባኝ ለጊዜው ታገደ። በመጨረሻ በጃንዋሪ 2019 እግዱ በመነሣቱ ምርጫው በማርች 11 ቀን 2019 ተካሄደ።

በዕለቱ በአንድ የሴቶች አዳራሽ አስቀድሞ ምልክት የተደረገባቸው የምርጫ ወረቀቶች በመገኘታቸው ብዙ ተወዳዳሪዎች ምርጫውን ጥለው ወጡ። ያም ሆኖ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የተመረጠው ከገዥው ፓርቲ ክንፍ ውጭ የነበረ ተማሪ፣ ኑሩል ሐቅ ኑር ነበር። የሚቀጥለው ምርጫ እንደገና ስድስት ዓመት ፈጅቶ በሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 ተደረገ። በዚያው ወር መግቢያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ምርጫውን ሲያግድ፣ የይግባኙ ችሎት እግዱን በዚያው ዕለት ሽሮታል።

የሕንድ ልምድ

በጎረቤት ሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2005 ባዘዘው መሠረት በቀድሞው የምርጫ ኮሚሽን ሰብሳቢ በሊንግዶ የተመራ ኮሚቴ በ2006 ዝርዝር ደንብ አቀረበ። በደንቡ መሠረት ምርጫው በየዓመቱ፣ ትምህርት በተጀመረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይካሄዳል፤ የተወዳዳሪውም ወጪ ከ5,000 ሩፒ አይበልጥም። ይሁንና በ2008 የጃዋሃርላል ኔህሩ ዩኒቨርሲቲ ምርጫ ደንቡን አልጠበቀም ተብሎ በዚያው ፍርድ ቤት ስለታገደ፣ እስከ ማርች 2012 ድረስ ሳይካሄድ ቆየ። ምርጫን መደበኛ ለማድረግ የወጣው ደንብ ራሱ ምርጫን ያስቀረበት ጊዜ ነበር ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛው፣ ቀን ያልተቆረጠለት መብት በአስፈጻሚው በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ፍርድ ቤት አንድን ምርጫ ማስደረግ ይችል ይሆናል እንጂ የመምረጥን ልማድ ሊፈጥር አለመቻሉ ነው። በዳካ ከፍርዱ በኋላ የተገኘው አንድ ምርጫ ነበር፤ የሚከተለው ዓመት ምርጫ አልተገኘም።

ይህ ጸሐፊ ባገለገለበት አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የተማሪዎች መማክርት ደንብ ምርጫው «በአመቺ ጊዜ» እንደሚደረግ ይገልጽ ነበር። አመቺው ጊዜ ሦስት ዓመት ሙሉ አልመጣም፤ ደንቡን ካረቀቁትም አንዱ ይኸው ጸሐፊ ነበር። ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች የተማሪ መማክርት ደንብ ሲያረቁ የምርጫውን ሳምንት፣ ምርጫውን የማስደረግ ኃላፊነት ያለበትን አካልና ቀኑ ቢያልፍ አቤቱታው ለማን እንደሚቀርብ ለይተው ሊጽፉ ይገባል። መምህሩም የክፍል አለቃ ምርጫን በተቆረጠለት ቀን ቢያስደርግና የአለቃው ጊዜ ሲያበቃ ያለ ጭቅጭቅ ቢያስረክብ፣ የዳካ ተማሪዎች ከፍርድ ቤት የጠየቁትን ልማድ ከሥሩ ያስተምራል።