ድልድይ በሚተካበት ወቅት የወንዝና የከርሰ ምድር ውሃ ጥበቃ፦ ለሰሜን ሸዋ ዞን ነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

ያረጀ ድልድይ በአዲስ ሲተካ ሥራው የሚከናወነው በወንዙ ውስጥና በዳርቻው ነው። ከዚያው ወንዝ ውሃ የሚቀዱ፣ ከብት የሚያጠጡና በመስኖ የሚያለሙ ነዋሪዎች አሉ፤ በአቅራቢያውም ምንጮችና የእጅ ጉድጓዶች ይገኛሉ። ይህ ጽሑፍ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር አካባቢ እንዲህ ያለ ሥራ ሲካሄድ በውሃ ላይ ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት፣ ከሥራ ተቋራጩ የሚጠበቀውን ጥንቃቄ፣ እንዲሁም የነዋሪዎችን መብትና የአቤቱታ ሥርዓት ያስረዳል።

የአካባቢው የውሃ ሁኔታ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ትገኛለች። የበሬሳ ወንዝ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ አባይ ይፈስሳል። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው አንኮበር ደግሞ ምድሩ ወደ ስምጥ ሸለቆ ያዘቀዝቃል፤ ከገደሉ ወደ ምሥራቅ የሚወርዱት ወንዞች የአዋሽ ተፋሰስ አካል ናቸው።

የአካባቢው ዐለት በአብዛኛው በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ባዛልት ነው። የከርሰ ምድር ውሃ የሚንቀሳቀሰው በዐለቱ ስንጥቆችና በበሰበሰው የላይኛው ክፍል ውስጥ ነው። ስንጥቅ ውሃን እንደ አሸዋ አያጣራም፤ ስለዚህ በስንጥቅ የገባ ነዳጅ ወይም ፍሳሽ ራቅ ብሎ ወደሚገኝ ምንጭ ሊደርስ ይችላል።

ጉዳት የሚደርስባቸው መንገዶች

• ደለል፦ ቁፋሮና የማሽን እንቅስቃሴ ውሃውን ያደፈርሳሉ። የደፈረሰ ውሃ በክሎሪን በሚገባ አይታከምም።
• ሲሚንቶ፦ ያልጠነከረ ኮንክሪት የነካው ውሃ ፒኤች ከ12 በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ለመጠጥ ውሃ ተስማሚ የሚባለው ከ6.5 እስከ 8.5 ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ዓሣ ይገድላል፣ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል።
• ነዳጅና ዘይት፦ ከማሽንና ከጄኔሬተር የሚንጠባጠበው ወደ አፈር ይሰርጋል።
• የመሠረት ቁፋሮ፦ ከመሠረቱ ጉድጓድ ውሃ በፓምፕ ሲወጣ በአቅራቢያው ያሉ ጉድጓዶች ውሃ ሊወርድ ይችላል። በአግባቡ ያልተደፈነ ቁፋሮም የገጸ ምድር ብክለት ወደ ታች የሚወርድበት ቀዳዳ ይሆናል።
• የአሮጌው ድልድይ መፍረስ፦ ፍርስራሹና የቆየ የብረት ቀለም ወደ ወንዙ ሊገቡ ይችላሉ። በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል።

ከሥራ ተቋራጩ የሚጠበቅ ጥንቃቄ

በወንዙ ውስጥ የሚሠራው ሥራ በበጋ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ መጠናቀቁ ይመረጣል። ሰሜን ሸዋ የበልግ ዝናብ ስለሚያገኝ ይህ ጊዜ አጭር ነው፤ የሥራ መርሐ ግብሩም ይህን ማገናዘብ ይኖርበታል። የመሠረቱ ቦታ በጊዜያዊ ግድብ ከወራጁ ውሃ ይለያል፤ በፓምፕ የሚወጣው ውሃ ወደ ወንዙ ከመመለሱ በፊት በማጥለያ ገንዳ ይቆያል። የኮንክሪት መኪኖችና መሣሪያዎች የሚታጠቡት ውሃ በማያሰርግ ጉድጓድ ላይ ብቻ ነው። ነዳጅ ከወንዝና ከምንጭ ርቆ፣ ፍሳሽ በሚይዝ ወለል ላይ ይቀመጣል። የሠራተኞች ካምፕ መጸዳጃ ቤት ከውሃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ ያለበት ሲሆን፣ ስንጥቅ በበዛበት ዐለት ላይ ርቀቱ ከዚህም መብለጥ ይኖርበታል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚደረግ ምዝገባ

የወንዝ መደፍረስ በዓይን ይታያል፤ የከርሰ ምድር ውሃ ጉዳት ግን ቀስ ብሎና ተሰውሮ ይደርሳል። ቀደም ሲል የነበረው ሁኔታ ካልተመዘገበ፣ የቀነሰው ወይም የተበከለው ውሃ በግንባታው ምክንያት መሆኑን ማረጋገጥ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የቀበሌው የውሃ ኮሚቴ ከወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ጋር በመሆን፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚከተሉትን መመዝገቡ ጠቃሚ ነው፦

1. በአካባቢው ያሉ ምንጮችና ጉድጓዶች የሚገኙበት ቦታና የተጠቃሚ አባወራዎች ብዛት።
2. የእያንዳንዱ ጉድጓድ የውሃ ወለል ጥልቀት።
3. የምንጭ ፍሰት። ባለ20 ሊትር ጀሪካን በ40 ሰከንድ የሚሞላ ከሆነ ፍሰቱ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ነው።
4. በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ፒኤች፣ ድፍርስነትና የጀርም ምርመራ ውጤት።

ልኬቱ በሥራው ወቅትና ከሥራው በኋላም ይቀጥላል። ምንጮች በበጋ በተፈጥሯቸው ስለሚቀንሱ፣ የጥር ልኬት መነጻጸር ያለበት ከጥር ልኬት ጋር ነው። የመዝገቡ አንድ ቅጂ በኮሚቴው እጅ ይቆያል።

የሕግ መሠረትና የአቤቱታ ሥርዓት

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ይደነግጋል። በአንቀጽ 92 መሠረትም ሕዝብ በቀጥታ የሚመለከተው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ሲታቀድና ሲፈጸም ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ ፍጆታ ከሌሎች አገልግሎቶች ቅድሚያ ይሰጣል።

በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው በአካባቢ ላይ ጉዳት በሚያደርስ ወይም ሊያደርስ በሚችል ወገን ላይ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለሚመለከተው የክልል አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። አቤት ባዩ ጉዳዩ በግል የሚነካው መሆኑን ማስረዳት አይጠበቅበትም። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልተስማማ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የመወሰኛው ጊዜ ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ክስ መመሥረት ይችላል። አቤቱታው በጽሑፍ ሆኖ ቀኑን፣ ቦታውንና የልኬት መዝገቡን ቅጂ ቢይዝ ማጣራቱን ያቀላጥፋል።

ብክለት ሲጠረጠር

ውሃው የነዳጅ ሽታ ወይም ያልተለመደ ጣዕምና ቀለም ካመጣ ለመጠጥም ሆነ ለምግብ ማብሰያ መዋል የለበትም። ማፍላትና ክሎሪን መጨመር ጀርም ይገድላሉ እንጂ ነዳጅንም ሆነ እርሳስን አያስወግዱም። ነዋሪዎች ወዲያውኑ ለቀበሌው፣ ለወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤትና ለጤና ጣቢያው ማሳወቅ፣ ናሙናም በባለሙያ እስኪወሰድ በሌላ ምንጭ መጠቀም ይኖርባቸዋል።