ርስት ያልነበረው ኑሮ፦ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሙስሊሞች እና የመልካም ሕይወት መሠረቶች

ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ፤ ያረፉት በ505 ዓ.ሂ. ነው) «አል-ሙስተስፋ» በተባለው የኡሱል ኪታባቸው ሸሪዓው ለሰው ልጅ የሚጠብቃቸውን አምስት ነገሮች ሲዘረዝሩ ሃይማኖትን፣ ነፍስን፣ አእምሮን፣ ዘርንና ሀብትን በዚህ ቅደም ተከተል አስቀምጠዋል። በየመድረሳችን የምናስተምረውም ይህንኑ ነው። ተማሪው አምስቱን በጣቶቹ እየቆጠረ ሲይዝ ሀብት በትንሿ ጣት ላይ ይውላል። ቅደም ተከተሉ የክብር መሆኑ አያከራክርም። በኑሮ ግን ነገሩ የሚጀምረው ሁልጊዜ ከአውራ ጣት አይደለም። ኢማም አሽ-ሻጢቢም (ያረፉት በ790 ዓ.ሂ.) ሀብት ከጠፋ መኖር ራሱ እንደማይቀር አስገንዝበዋል። የምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ሙስሊሞች ታሪክ ለዚህ አባባል ሰፊ ማብራሪያ ይሆናል።

መልካም ኑሮ ምን እንደሆነ ለሚጠይቅ፣ ቲርሚዚ የዘገቡት የታወቀ ሐዲስ ሦስት ነገር ይቆጥራል፦ ሰው በ«ሲርቡ» ሰላም ሆኖ፣ አካሉ ጤነኛ ሆኖ፣ የዕለት ቀለቡን ይዞ ካነጋ ዱንያ ሁሉ የተሰበሰበችለት ያህል ነው። «ሲርብ» የሚለውን ቃል ሊቃውንት አንዳንዶቹ ነፍሱ፣ ሌሎቹ ቤተሰቡና ወገኑ፣ ሌሎችም መኖሪያው ብለው ፈትተውታል። የበጌምድር ሙስሊም ለዘመናት የጎደለው በሦስተኛው ፍቺ ያለው ነው። ጤናም ቀለብም አግኝቶ ያነጋባቸው ቀኖች ብዙ ነበሩ፤ «የእኔ» የሚለው መሬት ላይ ቆሞ ያነጋባቸው ግን ጥቂት ናቸው።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከጉና ተራራ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ እየወረዱ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆዎች የሚደርሱ ደጋና ቆላ የተቀላቀለባቸው አገሮች ናቸው። በሽሎን የተሻገረ ወሎ ይገባል። ሕዝቡ እጅግ አብዛኛው የኦርቶዶክስ ክርስትና ተከታይ ነው፤ ሙስሊሞቹ በገበያ ከተሞችና በአንዳንድ መንደሮች ተሰባስበው የሚኖሩ ጥቂቶች ናቸው። መሬቱ በርስት ሥርዓት የተያዘ ነበር። ይኸውም ሰው ከአንድ አቅኚ አባት መወለዱን በአባቱም በእናቱም ወገን ቆጥሮ ድርሻውን የሚጠይቅበት ሥርዓት ነው። ሙስሊሙ በአብዛኛው ከዚህ ቆጠራ ውጭ ነበር። «ሰማይ ዓምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» የሚለው የቆየ አባባል ለስድብ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ የመሬት ሕጉን በአጭሩ የሚናገር ነበር።

መለያየቱ በቤተ መንግሥት ደረጃም ጸድቋል። እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ዘመን በጎንደር የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ውሳኔው ታደሰ። በጎንደር ከተማ እስላም ቤት፣ በኋላም አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈር የዚያ ታሪክ አካል ነው። መሬት የተከለከለ ሕዝብ ከመሬት ውጭ ያለውን ሥራ ያዘ። ንግዱን ያዘ፤ ሽመናውን ያዘ። በዛሬው ደቡብ ጎንደር ክልል የምትገኘው ደሪጣ በ19ኛው መቶ ዓመት የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ሆና የታወቀችው በዚህ መንገድ ነው።

ስለ ንግዱ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ሸማኔው ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ሸማኔው የሚሠራው እግሩን ለማስገባት በቆፈራት ጉድጓድ ጠርዝ ተቀምጦ ነው። ጥጡ ከቆላ ይመጣል። የሚያባዝቱትና የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ክርስቲያን ጎረቤቶች ናቸው። ባለፈትሏ ድውሯን ይዛ ትመጣለች፣ ጋቢ ይሁን ቡልኮ ወይም ኩታ ትነግረዋለች፣ ዋጋውንም በእህል ወይም በገንዘብ ትከፍላለች። ለፋሲካ የሚለበሰው ነጭ ኩታ በሙስሊም እጅ የተሠራ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አይናገረውም። ያው እጅ በስድብ ይጠራ ነበር፤ ቡዳነትም ይለጠፍበት ነበር። ዳዉድ (ዐለይሂ ሰላም) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቦ ሳለ፣ ከእኛም ወገን የአባቱን መወርወሪያ ለመጥራት የሚያፍር መኖሩ ያሳዝናል። ስድቡ ከገባባቸው ልቦች ውስጥ የእኛውም ይገኝበታል።

ሽመናው ቀለብ ሰጠ፤ ርስት ግን ሊሰጥ አልቻለም። ማረስ የፈለገ ሙስሊም የሌላውን መሬት በሲሶ ወይም በእኩል ይይዝ ነበር። ይህ ጉድለት ከጓዳ አልፎ ሌሎቹን አራቱን ነካ። ዘርን ብንወስድ፣ ልጁን የሚድር አባት ማጫ የሚያደርገው መሬት አልነበረውም። አእምሮን ብንወስድ፣ ዕውቀት ፈላጊው በሽሎን ተሻግሮ ወደ ወሎና ወደ የጁ፣ እነ ዳናን ወደመሳሰሉ የዒልም ማዕከሎች መሄድ ነበረበት። ሃይማኖትን ብንወስድ፣ መስጊድ መሬት ይፈልጋል፤ መቃብርም መሬት ይፈልጋል። ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮቿን የምታኖርበት የሰሞን መሬት ነበራት። የሙስሊሙ የቁርኣን መምህር ግን የሚኖረው በወላጆች ስጦታና በራሱ ሽመና ነበር። ምክንያቱ የሕዝቡ ቸርነት ማነስ አልነበረም። ወቅፍ ለማድረግ አስቀድሞ ባለቤት መሆን ያስፈልጋል፤ በፊቅሁም ዋቂፉ የሚያወቅፈው ነገር ባለቤት መሆኑ የመጀመሪያው ሸርጥ ነው።

በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከተደረገ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሙስሊሞች በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲጠመቁ አዘዙ። በወሎ ሸይኽ ጦልሐ ኢብን ጃዕፈርን የመሰሉ ዑለማ ተነሡ። ከበጌምድር ነጋዴዎች ብዙዎቹ ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በቅሎውንና አሞሌውን ይዞ መሄድ የሚችል ሄደ፤ ሸማኔው በአብዛኛው ቀረ። ወዲያው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ክፉ ቀን መጣ፤ የከብት በሽታ በሬውን ፈጀ፣ ድርቅና ረኀብ ተከተለ። ያን ጊዜ ርስት ያለውም የሌለውም በአንድነት አለቀ። ርስት ያለው ቤተሰብ ግን ከተረፈ የሚመለስበት ነበረው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገው ሰልፍ በዚህ ዓይን ሲነበብ ትርጉሙ ይሰፋል። ከ100,000 በላይ እንደሚሆን የተገመተው ሰልፈኛ፣ ክርስቲያን ወንድሞችም ያሉበት፣ የደገፈው የ13 ነጥብ ጥያቄ የበዓላትንና የቃዲ ፍርድ ቤቶችን ጉዳይ ይዟል። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንዲባልም ጠይቋል። የመሬት ባለቤትነት ጥያቄም በውስጡ ነበረ። ለእኔ እንደሚመስለኝ የስሙና የመሬቱ ጥያቄ አንድ ናቸው፤ «የሚኖሩ» የሚለው ቃል ርስት ለሌለው እንግዳ የሚነገር ቃል ነውና። ዓመት ሳይሞላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ በግሉ ሊያርስ ለሚፈልግ ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይለይ፣ ከ10 ሄክታር የማይበልጥ ይዞታ ተፈቀደ። የርስት ቆጠራ ቀረ። በበጌምድር አዋጁን ብዙ ባለርስት ተቃውሞታል። ደርግን የምናስታውስበት ብዙ መራራ ነገር ቢኖርም ለአካባቢው ሙስሊም ያ ቀን ምን እንደነበር አሳንሶ መጻፍ ፍትሕ አይሆንም።

መሬቱ የተገኘው ግን ሲያልቅ ነው። ቁልቁለቱ ተሸርሽሯል፤ ይዞታው ለልጅ ሲከፋፈል ጠቧል። በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከታቀፉት ወረዳዎች ውስጥ ነበሩ። እርከን ለመሥራት የሚወጣው ገበሬ ሙስሊምም ክርስቲያንም ነው፤ ረድፉ አንድ፣ መዝገቡም አንድ ነው። የድሮው ልዩነት በዚህ ረድፍ ላይ የለም፤ የዕለት ቀለብ ጥያቄው ግን አለ። ስለዚህ አካባቢው ሙስሊም ከሐዲሱ ሦስት ነገሮች አንዱን ሲያገኝ ሌላው እየራቀው ነው ማለት ይቻላል።

ለመምህራንና ለኢማሞች የቀረው ጥያቄ የወቅፉ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። በአገራችን በሰፊው የሚሠራባቸው የሻፊዒይና የሐነፊይ መዝሀቦች ደግሞ ወቅፍ በባለቤትነት በተያዘ ንብረት ላይ፣ ለዘለቄታው እንዲሆን ይጠይቃሉ። እንግዲህ በስማዳ ቆላ የሚኖር አንድ ገበሬ ከማሳው የሚያገኘውን የአንዱን ጥማድ ምርት ለቁርኣን ቤት ላወቅፍ ቢል ምን እንለዋለን? ማሊኪዮች የተከራየ ሰው የኪራዩን ጥቅም ለውሉ ዘመን ማወቀፍ እንደሚችል፣ ወቅፍም በጊዜ ሊገደብ እንደሚችል ይናገራሉ። ይህ የማሊኪዮች አቋም በእኛ ኪታቦች ዳር የሚጠቀስ የልዩነት ማስታወሻ ሆኖ ቆይቷል። የይዞታ ደብተሩን ይዞ ወደ መስጊድ ለሚመጣው ገበሬ ግን መልሱ ያለው እዚያ ነው።