ሆሚ ባባ፦ በር ሳያንኳኳ የሚገባው ሊቅ

ኤፕሪል 1948 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ህንድ ከእንግሊዝ ነፃ ከወጣች ገና 8 ወሯ ነው። ማሃትማ ጋንዲ ከተገደለ ሦስት ወር አልሞላም። ከፓኪስታን ጋር በተደረገው ክፍፍል የተፈናቀሉ ሚሊዮኖች መጠለያ ይፈልጋሉ፤ ካሽሚር ውስጥ ጦርነት አለ፤ እህሉም ከውጭ ነው የሚገባው። በዚህ ሁሉ መሀል ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ የአቶም ኃይል አዋጅ ረቂቅ ይዞ ሕግ አውጪው ጉባኤ ፊት ቀረበ።

የረቂቁ ፍሬ ነገር አጭር ነው። አቶምን የሚመለከት ሥራ የመንግሥት ነው፤ ምስጢርም ነው። ክሪሽናሙርቲ ራኦ የሚባል የጉባኤው አባል ተነሥቶ ጠየቀ፦ እንግሊዞች እንኳ ምስጢር ያደረጉት ከመከላከያ ጋር የተያያዘውን ምርምር ብቻ ነው፤ ታዲያ እኛ ለሰላም ነው የምንለውን ሥራ በሙሉ የምንሸፍነው ለምንድን ነው? ኔህሩ የሰጠው መልስ ዛሬም ሲነበብ ያስገርማል። የሰላሙን ከጦርነቱ እንዴት መለየት እንደሚቻል እንደማያውቅ ተናገረ። በዚሁ አዋጁ ጸደቀ።

ከአዋጁ ጀርባ የነበረው ሰው ግን በዚያ አዳራሽ ወንበር አልነበረውም። ማንም አልመረጠውም። የ38 ዓመት የፊዚክስ ሊቅ ነው፤ ስሙ ሆሚ ጄሃንጊር ባባ።

ባባ የህንድ የኒውክሌር ፕሮግራም አባት ይባላል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ገድል ነው፦ ሊቁ አለመ፣ መሪው ሰማ፣ አገር ተለወጠ። የክሪሽናሙርቲ ራኦ ጥያቄ በዚህ ገድል ውስጥ ቦታ የለውም። የሰውየውን ትልቅነት ሳይቀንሱ ያንን ጥያቄ መልሶ ማንሣት ይቻላል።

ባባ በ1909 ቦምቤይ ውስጥ ሲወለድ የድህነትን ደጃፍ እንኳ የማያውቅ ልጅ ነበር። ቤተሰቡ ፓርሲ ነው፤ ማለትም ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ከፋርስ የተሰደዱ የዞራስተር እምነት ተከታዮች ዘር። ፓርሲዎች በቁጥር ጥቂት፣ በንግድና በትምህርት ግን ገናና ናቸው። አባቱ ሕግ የተማረ ሰው ሲሆን፣ አክስቱ ደግሞ የዶራብጂ ታታ ሚስት ነበረች። ዛሬ በመኪና ላይ የምናየው ታታ የሚለው ስም የዚያ ቤተሰብ ነው።

በ1927 ካምብሪጅ የተላከው መካኒካል ምህንድስና ተምሮ በታታ የብረት ፋብሪካ እንዲሠራ ታስቦ ነበር። ልጁ ግን ብዙም ሳይቆይ ለአባቱ ደብዳቤ ጻፈ። ንግድም ሆነ ምህንድስና ለእኔ አይሆኑም፣ ፊዚክስ ካልሆነ አይሆንልኝም አለ። አባትየው አልተቆጣም፤ ተደራደረ እንጂ። በመጀመሪያ ምህንድስናውን በከፍተኛ ማዕረግ ጨርስ፤ ከዚያ የሒሳቡን ትምህርት እከፍልልሃለሁ አለው። ሁለቱም ቃላቸውን ጠበቁ።

ዘመኑም የተመቸ ነበር። ካምብሪጅ ውስጥ ባለው የካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ በ1932 ብቻ ኒውትሮን ተገኘ፤ የአቶም አስኳልም ሰው በሠራው መሣሪያ ተሰነጠቀ። ባባ በዚህ መካከል ነው የበሰለው። በ1935 ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ሲገናኙ እንዴት እንደሚበታተኑ በስሌት አሳየ፤ ስሌቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፣ ቅንጣቶችን በሚያጋጩ ትልልቅ መሣሪያዎችም ላይ ያገለግላል። በ1937 ደግሞ ከዋልተር ሃይትለር ጋር ሆኖ፣ ከህዋ የመጣች አንዲት ፈጣን ቅንጣት ከባቢ አየራችንን ስትመታ እንዴት ተባዝታ እንደ ዶፍ እንደምትወርድ አስረዳ። ለኖቤል ሽልማት ደጋግመው አጭተውታል፤ አላገኘም።

ሴፕቴምበር 1939 ጦርነት ሲፈነዳ ባባ ለእረፍት ህንድ ነበር። መመለሻው ተዘጋ። ባንጋሎር በሚገኘው የህንድ ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ የኖቤል ተሸላሚው ራማን በሚመራው የፊዚክስ ክፍል ሥራ ጀመረ። ራማን ለሰው በቀላሉ የማይደነቅ ሰው ነበር ይባላል፤ ባባን ግን የዘመኑ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ብሎ አስተዋውቆታል። ማጋነን ቢኖርበትም ከሜዳ የተነሣ አልነበረም። ባባ ሥዕል ይሥላል፣ የምዕራባውያንን ክላሲካል ሙዚቃ ያጣጥማል፣ ግንባታ መንገዱ ላይ ዛፍ ሲያገኝ ዛፉ እንዲቆረጥ ሳይሆን ተነቅሎ ሌላ ቦታ እንዲተከል ያደርጋል። ሚስት አላገባም።

ማርች 1944 ለታታ ቤተሰብ የበጎ አድራጎት ድርጅት የጻፈው ደብዳቤ የሕይወቱ ማጠፊያ ነው። ከፍተኛ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል እናቋቁም አለ። ምክንያቱም ከሁለት አሥርተ ዓመታት በኋላ የኒውክሌር ኃይል ኤሌክትሪክ ማመንጨት ሲጀምር፣ ህንድ ባለሙያ ፍለጋ ወደ ውጭ ማየት አይኖርባትም፤ እዚሁ ታገኛቸዋለች። ይህ የተጻፈው ሂሮሺማ ከመመታቷ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። የታታ የመሠረታዊ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1945 ተመሠረተ፤ ወደ ቦምቤይ ሲዛወርም የተጠለለው በባባ አክስት ቤት ነበር።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ማምጣት ያስፈልጋል። ሜግናድ ሳሃ በ1893 ዛሬ ባንግላዴሽ በሆነው፣ በዳካ አቅራቢያ ባለ መንደር ተወለደ። አባቱ አነስተኛ ሱቅ ነበረው። ትውልዱ በካስት ዝቅ ተደርጎ ከሚታይ ወገን ስለሆነ፣ ካልካታ ሲማር የማደሪያው ልጆች አብረውት ማዕድ አይቆርሱም ነበር። ይህ ሰው በ1920 የከዋክብትን ሙቀት ከብርሃናቸው ለማንበብ የሚያስችል ቀመር አወጣ፤ ዓለም የሳሃ ቀመር ይለዋል። ኋላም ካልካታ ውስጥ የኒውክሌር ፊዚክስ ኢንስቲትዩት አቋቋመ።

ሁለቱም የኒውክሌር ሳይንስን ለህንድ ይመኛሉ፤ ጸባቸው በመንገዱ ነው። ሳሃ በመጀመሪያ ዩኒቨርሲቲዎች ይጠናከሩ፣ ሰው ይሠልጥን፣ ኢንዱስትሪ ይኑር፤ ኮሚሽን ከዚያ በኋላ ይደርሳል የሚል ነበር። ባባ ደግሞ ጊዜ የለንም ባይ ነው። ኦገስት 1948 የአቶም ኃይል ኮሚሽን ሲቋቋም ሰብሳቢው ባባ ሆነ፤ ሳሃ በአባልነት እንኳ አልተካተተም። ሳሃ ግን ዝም አላለም። በ1952 በግል ተወዳድሮ ፓርላማ ገባና በ1954 የአቶሙን ሥራና የተሸፈነበትን ምስጢር በዚያው ምክር ቤት ፊት አፍረጥርጦ ተቸ። የጥያቄው መንፈስ የራኦ ነው፤ ጠያቂው ግን አሁን ራሱ የፊዚክስ ሊቅ ስለሆነ፣ ነገሩ አይገባህም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ቢሆንም ውጤት አላመጣም። በዚያው ዓመት ኦገስት የአቶም ኃይል መምሪያ ሲቋቋም ተጠሪነቱ በቀጥታ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሆነ፤ መቀመጫው ደግሞ ዴልሂ ሳይሆን ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ቦምቤይ፣ የባባ ከተማ።

ባባ ለኔህሩ ሲጽፍ “ባኢ” ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ወንድሜ እንደማለት ነው። ሌላው ባለሥልጣን ደጅ ሲጠና እሱ በር ሳያንኳኳ ይገባል። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ እሱ፣ የመምሪያው ዋና ጸሐፊ እሱ፣ የትሮምቤይ ማዕከል ኃላፊ እሱ፣ የታታ ኢንስቲትዩት ዳይሬክተር እሱ። በአንዱ ወንበር ገንዘብ ይጠይቃል፣ በሌላው ይፈቅዳል፣ በሦስተኛው ያወጣል። በ1958 ኮሚሽኑ ሰፊ የአስተዳደርና የፋይናንስ ሥልጣን በተሰጠው ጊዜ፣ ከዚህ በላይ ነፃነት የነበረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በህንድ መፈለግ ከንቱ ድካም ነበር።

ነፃነቱ ሥራ አልሠራም ማለት አይደለም። አፕሳራ የተባለው የኒውክሌር ማብላያ ኦገስት 4 ቀን 1956 ሥራ ጀመረ፤ ሳሃ ካረፈ ስድስት ወር ሳይሞላ። ነዳጁ ከእንግሊዝ የመጣ ቢሆንም ማብላያው የህንዳውያን እጅ ሥራ ነበር። በ1957 የተከፈተው የትሮምቤይ ማሠልጠኛ በየዓመቱ ወጣት ምሩቃንን እየተቀበለ ባለሙያ ማፍራት ጀመረ። የባባ እውነተኛ ቅርስ ይህ ይመስላል። ማሽን ይገዛል፤ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ግን አይገዛም።

ረጅሙ ዕቅዱም ብልህ ነበር። ህንድ ዩራኒየም ብዙ የላትም፤ በኬራላ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ውስጥ ግን ቶሪየም ሞልቷል። ቶሪየም በራሱ አይነድም፤ መጀመሪያ ወደ ሌላ የዩራኒየም ዓይነት መለወጥ አለበት። ስለዚህ ባባ ሦስት ደረጃ ቀየሰ፦ በመጀመሪያ ያለውን ዩራኒየም አንድዶ ፕሉቶኒየም ማግኘት፣ ቀጥሎ ፕሉቶኒየሙን ነዳጅ በሚያራቡ ማብላያዎች መጠቀም፣ በመጨረሻ ወደ ቶሪየሙ መሻገር። ሁለተኛው ደረጃ በስፋት ይጀመርበታል የተባለው የካልፓካም ማብላያ ግንባታ የተጀመረው በ2004 ነው፤ ባባ በሞተ በ38ኛው ዓመት። ነዳጅ እስኪጫንበት ደግሞ ሌላ ሃያ ዓመት ጠየቀ።

ባባ ትንበያ ላይ እጁ ለጋስ ነበር። በ1955 ጄኔቫ ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት የአቶም ጉባኤን በሊቀ መንበርነት ሲመራ፣ የፀሐይን ዓይነት የውህደት ኃይል በሃያ ዓመት ውስጥ እንቆጣጠራለን አለ። ዓለም እስካሁን እየጠበቀ ነው።

ፕሉቶኒየም ግን ሁለት አገልግሎት አለው። ካናዳ የሰጠችው፣ አሜሪካም ከባድ ውሃ ያቀረበችለት ሲረስ የተባለ ማብላያ በ1960 ሥራ ጀመረ። ስምምነቱ ለሰላማዊ ጥቅም ብቻ የሚል ነበር፤ ቃሉ መጠበቁን የሚያረጋግጥ ዓለም አቀፍ ቁጥጥር ግን አልነበረውም። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በ1956 የዓለም አቀፉ አቶም ኤጀንሲ መተዳደሪያ ሲረቀቅ፣ ቁጥጥሩ እርዳታ በሚቀበሉ ድሆች ላይ ብቻ እንዳይጫን አጥብቆ የተከራከረው ባባ ነው። ክርክሩ ፍትሐዊ ነበር። አመቺም ነበር።

ሜይ 1964 ኔህሩ ሞተ። ኦክቶበር 16 ቻይና የመጀመሪያ ቦምቧን አፈነዳች። ስምንት ቀን ቆይቶ ባባ በህንድ ራዲዮ ቀረበና ዋጋ ተናገረ፦ 50 የአቶም ቦምብ ከ100 ሚሊዮን ሩፒ በታች ያስወጣል። ቁጥሩ የተወሰደው አሜሪካኖች ለሰላማዊ ፍንዳታ ብለው ካወጡት የዋጋ ግምት ነው። ማብላያውን፣ የፕሉቶኒየም ማጣሪያውን፣ ቦምቡን የሚሸከመውን አውሮፕላን አይጨምርም። የቤት መሥሪያ ወጪን በሚስማር ዋጋ እንደመንገር ነው። በሳይንስ ጽሑፉ እንዲህ ያለ ግድፈት አይገኝበትም፤ የሚመረምረው ነበረና።

አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ላል ባሃዱር ሻስትሪ ድህነትን አጥብቆ የሚያውቅ፣ ቦምብ የማይፈልግ ሰው ነበር። ጉዳዩ በፓርላማና በራሱ በኮንግረስ ፓርቲ ውስጥ በግልጽ አከራከረ። ዳሩ መቋጫው ያው የተለመደው ነበር፤ ሻስትሪ ለሰላማዊ ፍንዳታ የሚደረግ ጥናትን ፈቀደ። ሰላማዊው ፍንዳታ ከቦምብ በምን ይለያል ቢባል፣ ኔህሩ በ1948 የሰጠው መልስ አሁንም ይሠራል።

ጃንዋሪ 11 ቀን 1966 ሻስትሪ ታሽከንት ውስጥ በድንገት ሞተ። ጃንዋሪ 24 ኢንዲራ ጋንዲ ቃለ መሐላ ፈጸመች። በዚያው ቀን ባባ ለስብሰባ ወደ ቪየና ሲጓዝ የተሳፈረበት የኤር ኢንዲያ ቦይንግ 707 ሞንት ብላንክ ተራራ ላይ ተከሰከሰ። 117ቱም ሰዎች አለቁ። ባባ 56 ዓመቱ ነበር። ሲአይኤ ነው የገደለው የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ አልሞተም፤ ማስረጃ ያቀረበ ግን የለም። የፈረንሳይ መርማሪዎች ያገኙት ተራ ነገር ነው። ከአቅጣጫ መሣሪያዎቹ አንዱ ተበላሽቷል፤ አብራሪው የጄኔቫ ተቆጣጣሪ ሊያርመው የተናገረውን በትክክል አልተረዳም፤ ተራራውን ያለፈ መስሎት መውረድ ጀመረ። በ1950ም ሌላ የኤር ኢንዲያ አውሮፕላን በዚያው ተራራ ተከስክሷል።

ባባን የተካው ቪክራም ሳራባይ የቦምቡን ነገር አይወድም ነበር፤ እሱም በ1971 መጨረሻ ሞተ። ሜይ 18 ቀን 1974 ፖክራን በረሃ ውስጥ በራጃ ራማና የሚመራው ቡድን ከሲረስ በወጣ ፕሉቶኒየም የተሠራውን አፈነዳ። መንግሥት ሰላማዊ ፍንዳታ ነው አለ። አብዛኞቹ የካቢኔ አባላት ከሌላው ሕዝብ ጋር እኩል ነው የሰሙት። ካናዳ እርዳታዋን አቋረጠች፤ ኒውክሌር አቅራቢ አገሮችም ተሰብስበው በሩን ዘጉ፤ የኤሌክትሪኩ ዕቅድም ተንገዳገደ። ባባ በ1962 እንደተነበየው ቢሆን ህንድ በ1987 ቢያንስ 20 ሺህ ሜጋ ዋት ከኒውክሌር ታገኝ ነበር። የዚያን አንድ አሥረኛ እንኳ አላገኘችም። ዛሬም ድርሻው ከጠቅላላው ኤሌክትሪክ 3 በመቶ ገደማ ነው።

የሞንት ብላንክ በረዶ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ የዋጠውንም ቀስ እያለ ይተፋል። በ2012 የህንድ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚል ጽሑፍ ያለበት የዲፕሎማቲክ ፖስታ ከረጢት ወጣ። በ2020 በጋ ደግሞ እዚያው አካባቢ ምግብ ቤት ያለው ፈረንሳዊ እርጥብ የጋዜጣ ክምር አገኘ። አንድ ደርዘን ያህል የጃንዋሪ 1966 የህንድ ጋዜጦች ናቸው። እንዲደርቁ ዘረጋቸው። ርዕሱ አልደበዘዘም፤ ህንድ የመጀመሪያዋን ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር እንዳገኘች ይናገራል።