አልጋው ለምን ቀና ተደረገ?

ባለፈው ዓመት አንዲት እህታችን እዚሁ ሪያድ ታማ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባች። ሦስት ሆነን ልንጠይቃት ሄድን። አፏ ውስጥ ቱቦ ገብቷል፣ አልጋው ከወገቧ በላይ ቀና ተደርጓል፣ ነርሷ ደግሞ ጥርሷን በብሩሽ ታሻለች። አንዷ ጓደኛችን ከቦርሳዋ የዘምዘም ውሃ አውጥታ "ጠብ ላድርግላት" ስትል ነርሷ እጇን ያዘቻት። ወጥተን መኪና ስንጠብቅ ወሬያችን ሁሉ ይኼው ነበር። ምን ዓይነት ንቀት ነው? አንድ ጠብታ ውሃ ይገድላታል? እህል የማይቀምስ ሰው ጥርሱ የሚታጠበው ለምንድነው? ደክሟታል፣ ለምን በደንብ አያስተኟትም? እኔም መልስ አልነበረኝም። ነገሩን እየጠየቅኩ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ሩቅ አገር፣ ኮፐንሃገን ላይ ነው። በ1952 (ዘመኑን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ፖሊዮ ከተማዋን መታት። በሽታው ሲጠና የመተንፈሻ ጡንቻን ሽባ ያደርጋል። ያኔ የታወቀው መሣሪያ "የብረት ሳንባ" የሚሉት፣ በሽተኛውን እስከ አንገቱ የሚውጥ በርሜል ነበር፤ የብሌግዳም ሆስፒታል ግን የነበረው አንድ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መተንፈስ ካቃታቸው 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ። በኦገስት መጨረሻ ብዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም ለአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ከጉሮሮዋ በታች ተቀዶ ቱቦ እንዲገባላት አደረገ። ከዚያ በጎማ ከረጢት አየር እየጨመቀ ሳንባዋን ሞላው። ልጅቷ ተረፈች። ቀጥሎ 1500 ያህል ተማሪዎች በፈረቃ እየገቡ፣ ቀንና ሌሊት ከረጢት በእጃቸው ሲጨምቁ ከረሙ። ሙሉ ቀን ብርድ ልብስ በእጇ ጨምቃ የምታውቅ እህት ክንዳቸው ምን እንደሆነ ይገባታል። ከ100 ሰው 87 ይገድል የነበረው በሽታ ወደ 40 ገደማ ወረደ። በ1953 መጨረሻ ኢብሰን ለእንደዚህ ዓይነት ሕሙማን የተለየ ክፍል ከፈተ፤ ውሎ አድሮም የእጁን ሥራ ማሽን ወሰደው።

ቱቦው ግን የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። ጤነኛ ሰው ምራቁ በስህተት ወደ ሳንባው ሲሄድ ትን ይለዋል፣ ያስላል፣ ያስወጣዋል። ቱቦ የገባለት ሰው በማደንዘዣ ተኝቷል፤ እንደ ልቡ ማሳል አይችልም። ቱቦው ጫፉ አካባቢ አየር የተሞላ ትንሽ ፊኛ አለው። ከፊኛው በላይ ምራቅና ከጨጓራ የሚመለስ ፈሳሽ ይጠራቀማል፣ ከዚያ በፊኛው ጥግ ጥግ ቀስ እያለ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ከአፍ የመጣው ጀርም እዚያ ሲራባ ሳንባ ምች ይሆናል። (ይሄ በዳማከሴ የምናባርረው የአገራችን ምች አይደለም።)

በ1999 የባርሴሎና ሐኪሞች በ86 ሕሙማን ላይ አልጋውን ሞከሩት። ጠፍጣፋ ከተኙት መካከል ከ100 በ34ቱ ሳንባ ምች ተጠረጠረ፤ ቀና ካሉት በ8ቱ ብቻ። ልዩነቱ ስለሰፋ ጥናቱን ሳይጨርሱ አቆሙት። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ልዩነቱን ይህን ያህል ትልቅ አላገኙትም፤ ቢሆንም ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ማድረጉ ቀረ አልተባለም። በ2000 ደግሞ ቺካጎ ላይ ማደንዘዣውን በየቀኑ ለጥቂት ጊዜ አቁመው በሽተኛውን ሲያነቁት፣ በማሽን የሚቆይበት ጊዜ ከ7 ቀን ወደ 5 ቀን ግድም አጠረ። ቱቦው ቶሎ ከወጣ ጀርሙም መንገድ ያጣል።

የጥርሱ ነገር የበለጠ ገርሞኛል። ለብዙ ዓመት አፍን ክሎርሄክሲዲን በሚባል መድኃኒት ማጠብ ይመከር ነበር። ኋላ ጥናቶች ሲደማመሩ ሞት ሊያበዛ ይችላል የሚል ስጋት መጣ፤ በ2022 የወጣው የአሜሪካኖቹ መመሪያ መድኃኒቱን ትቶ ተራውን የጥርስ ብሩሽ አስቀረ። መፋቂያ ይዛ ያደገች ሴት ይሄን ስትሰማ ትስቃለች።

ሪያድም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች። በ2008 የንጉሥ አብዱልአዚዝ ሜዲካል ሲቲው ዶክተር ያሲን አረቢና ባልደረቦቹ ከታዳጊ አገሮች የወጡ ጥናቶችን ሰበሰቡ፤ በ1000 የማሽን ቀን ከ10 እስከ 41.7 ሰው በዚህ ሳንባ ምች እንደሚያዝ አገኙ። በ2015 እዚያው ሆስፒታል ሜርስ ገብቶ ድንገተኛ ክፍሉ እስከ መዘጋት ደረሰ፤ ከታመሙት መካከል የጤና ሠራተኞችም ነበሩ። በር ላይ እጃችንን እንድናሽ ሲያዙን ፊታችንን የምናጠቁር ይሄን እናስታውስ።

እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን አልጋ ላይ የዋሉ የማዳም እናት ወይም አባት እናስታምማለን። ቱቦ ባይኖራቸውም መዋጥ ለደከመ ሰው ነገሩ ያው ነው፦ ሲበሉ ቀና ማድረግ፣ በልተው ወዲያው አለማስተኛት፣ አፋቸውን ጠዋት ማታ ማጽዳት። ቱቦ ያላቸውን ደግሞ ነርስ ሳታሳየን መምጠጫውን አንነካካ። ማዳም "አንቺው ሞክሪ" ብትልም እንኳን።

እህታችን በአሥራ አንደኛው ቀን ቱቦው ወጣላት። ድምፁዋ ሻክሮ መጀመሪያ የጠየቀችው ውሃ ነበር። ነርሷ መዋጥ መቻሏን ሳታረጋግጥ አልሰጠቻትም፤ ከንፈሯን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ አበሰችላት። በማግስቱ ቁጭ ብላ በማንኪያ ቀመሰች። ከዘምዘሙ ነው የሰጠናት።