ከመካነ ሰላም ሥር የተቀበረው ተራራ

«ኢትዮጵያ ስንት ዓመቷ ነው?» የሚለው ጥያቄ በየሻይ ቤቱና በየቻናሉ ስንቱን ወዳጅ እንዳጣላ ታውቃላችሁ። አንዱ ሦስት ሺህ ይላል፣ ሌላው መቶ ምናምን ይላል፣ ሦስተኛው መጥቶ ሁለቱንም ይሰድባል። ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ ለመሬቱ እናቅርበው። ሰው ሳይሰፍርባት፣ ስም ሳይወጣላት፣ ይህች የቆምንባት ምድር መቼ ተሠራች? የድንጋይ ሊቃውንትም በዚህ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። የእነሱ ክርክር ግን በብዙው መቋጫ አግኝቷል። እንዴት እንዳገኘ ማወቁ ለእኛም ሳይጠቅም አይቀርም።

ከመካነ ሰላም እንነሳ። ከተማዋ የቦረና መዲና ናት፤ በምዕራብ የዓባይ ገደል ከጎጃም ይለያታል። በሰሜን በኩል ሳይንትና መቅደላ፣ ከዚያም የበሽሎ ሸለቆ አለ። በዚህ አገር ከላይ ሜዳ ነው፤ ሜዳው ድንገት ያልቅና ገደል ይጀምራል። ገበሬው ከማሳው እየለቀመ አጥር የሚክበው፣ ቤት የሚሠራበትም ጥቁር ድንጋይ ነው። ይህ ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ይባላል። ከመሬት ስንጥቅ እንደ ወንዝ ፈስሶ፣ አንዱ ንጣፍ በሌላው ላይ እየረጋ የተደራረበ የእሳት ልጅ ነው።

ዕድሜውስ? እ.ኤ.አ. በ1997 ሆፍማን የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ፣ ኢትዮጵያዊው ገዛኸኝ ይርጉም የነበሩበት ቡድን፣ ከወሎው ወገል ጤና ጭምር የተወሰደ ባዛልት መርምረው ነበር። በአርጎን ጋዝ ሲለኩት ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ያ ሁሉ ክምር ባብዛኛው በ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ መፍሰሱ ነው።

30 ሚሊዮን ዓመት ለእኛ የማይታሰብ ዘመን ነው። ለምድር ግን አጭር ነው። የምድርን 4.5 ቢሊዮን ዓመት እንደ አንድ ቀን ብንቆጥረው፣ የመካነ ሰላም ጥቁር ድንጋይ የፈሰሰው ቀኑ ሊያልቅ 10 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው። ያ የምንኮራበት የወሎ ደጋ፣ በድንጋይ ዕድሜ ሲለካ ገና ልጅ ነው ማለት ነው።

ጥንቱን የሚፈልግ ሰው መውረድ አለበት። ዓባይ ይህን ሥራ ሠርቶልናል። ከመካነ ሰላም ወደ ደቡብ ምዕራብ ርቆ፣ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው ገደል በሊቃውንት ዘንድ በደንብ የተጠና ስለሆነ እሱን እንውሰድ። ከላይ ባዛልቱ አለ። ከሱ በታች የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። የኖራ ድንጋዩ አገሩ በዘመነ ጁራሲክ በባሕር ተሸፍኖ እንደነበር የሚመሰክር ነው። ከሱ ሥር ጀሶ፣ ከጀሶው ሥር ደግሞ ሌላ የአሸዋ ድንጋይ አለ። የገደሉ ጥልቀት ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህ ሁሉ ግን ገና ልብስ ነው። ገላው ከዚያ በታች ነው።

ገላው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሱዳን ድንበር ስንጠጋ ብቅ ይላል። ቦረናን ዞሮ የሄደው ዓባይ በወለጋና በቤኒሻንጉል በኩል ሲያልፍ ልብሱን ሁሉ ቀዶ ጥንታዊውን መሠረት ያገኛል። ጉባ ላይ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ እግሩን የተከለው በዚህ ዓለት ላይ ነው። ይህ ዓለት ፕሪካምብሪያን ይባላል፤ ከ539 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረ ዘመን ማለት ነው። ግድባችን የቆመው የአንድ የጠፋ ተራራ ሥር ላይ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ይህ ተራራ መኖሩ እንዴት ታወቀ? ታሪኩ ከዚሁ ከደቡብ ወሎ ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ፍለጋ ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል የድንጋይ አጥኚ አብሮ ነበር። ከባሕሩ ዳርቻ ተነስቶ በአዲግራት፣ በእንጣሎና በአሸንጌ አድርጎ መቅደላ ድረስ ሄደ። ጦሩ ዘውድና ብራና ዘርፎ ተመለሰ፤ ብላንፎርድ የድንጋይ ማስታወሻ ይዞ ተመለሰ። ዛሬም የዓለም ሊቃውንት «የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ»፣ «የእንጣሎ ኖራ ድንጋይ»፣ «የአሸንጌ» እና «የመቅደላ» ባዛልት እያሉ የሚጠሩት እሱ ባወጣው ስም ነው። ከሁሉም በታች የተጣጠፈና በሙቀት የተለወጠ ዓለት እንዳለም አይቷል። ቅደም ተከተሉን አወቀ፤ በዓመት ስንት እንደሆነ የሚያውቅበት መሣሪያ ግን በዘመኑ አልነበረም።

መሣሪያ በሌለበት ዳኛው ዓይን ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቭላድሚር ካዝሚንና የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ባልደረቦቹ የአገሪቱን ካርታ ሲያዘጋጁ፣ ይህን መሠረት የታችኛው፣ የመካከለኛውና የላይኛው ብለው በሦስት ከፈሉት። በጣም የጋለውና የተጨመቀው፣ ናይስ የሚባለው ዥንጉርጉር ዓለት፣ የታችኛው ሆነ፤ ዕድሜውም አርኬያን፣ ከ2.5 ቢሊዮን ዓመት በላይ ተብሎ ተገመተ። ግምቱ በዘመኑ ምክንያታዊ ነበር። ብዙ የተንገላታ ዓለት ብዙ የኖረ ይመስላላ! ግን መንገላታት ሌላ፣ ዕድሜ ሌላ። መከራ ያየ ወጣት ከደላው ሽማግሌ በላይ ሊሸብት ይችላል።

ይህን የፈታችው ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ዚርኮን የምትባል ቅንጣት ናት። ግራናይት ከቅላጭ ሲረጋ ዚርኮን አብራ ትፈጠራለች። ስትፈጠር ዩራኒየምን ወደ ውስጧ ታስገባለች፣ እርሳስን ግን ትገፋለች። ዩራኒየም ደግሞ በታወቀ ፍጥነት ወደ እርሳስ ይለወጣል። ጧፍ ሲነድ አስቡት፤ የቀረውንና የነደደውን አይቶ መቼ እንደተለኮሰ ማስላት ይቻላል። ዚርኮን ሁለት ጧፍ ይዛለች። አንዱ ዩራኒየም 238፣ ግማሹ ለመለወጥ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ሌላው ዩራኒየም 235፣ 704 ሚሊዮን ዓመት ይበቃዋል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ዕድሜ ከተናገሩ ምስክርነታቸው የጸና ነው። ካልተስማሙ አንድ ነገር ደርሶባቸዋል ማለት ነው። ይህን የቆጠራ መንገድ በ1907 አሜሪካዊው ቦልትውድ፣ በ1911 እንግሊዛዊው አርተር ሆምስ ጀመሩት። ሆምስ በወጣትነቱ ሞዛምቢክ ውስጥ ማዕድን ፍለጋ ሠርቷል፤ ኋላም በምሥራቅ አፍሪካ ርዝመት የተዘረጋውን የጥንት ተራራ ቅሪት «የሞዛምቢክ ቀበቶ» ብሎ የሰየመው እሱ ነው።

የኢትዮጵያ ዚርኮኖች ሲጠየቁ ምን አሉ? እ.ኤ.አ. በ1990 አያሌውና ባልደረቦቻቸው የምዕራብ ኢትዮጵያን ዓለት ለክተው ከ830 ገደማ እስከ 540 ሚሊዮን ዓመት የሚሆን ታሪክ አገኙ። ከዚያም በደቡብ ኢትዮጵያ አርኬያን ናቸው ተብለው ከታመነባቸው ዓለቶች ብዙዎቹ ሲለኩ ከ900 እስከ 500 ሚሊዮን ዓመት ባለው ክልል ውስጥ ወደቁ። በዓይን የተሰጠው ዕድሜ በቢሊዮን ዓመታት ተቀነሰ።

ከቁጥሮቹ ጀርባ ያለው ታሪክ ይህ ነው። ከ870 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ፣ ዛሬ ሰሜንና ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ሱዳንና ዐረቢያ ባሉበት ስፍራ ውቅያኖስ ነበር። በውስጡ እንደ ዛሬዋ ኢንዶኔዥያ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ይበቅሉ ነበር። ውቅያኖሱ እየጠበበ ሲሄድ ደሴቶቹ እርስ በርስ ተላተሙ። በመጨረሻም በምሥራቅና በምዕራብ የነበሩ ታላላቅ አህጉራት ተጋጭተው ጎንድዋና የሚባለው ልዕለ አህጉር ተሰፋ። ሕንድ ከእስያ ጋር ተላትማ ሂማላያን እንዳነሳች ሁሉ፣ ይህም ግጭት ታላቅ ተራራ አነሳ። ዝናብና ወንዝ ሸረሸሩት፤ በላዩ አሸዋ፣ ባሕር፣ በመጨረሻም ባዛልት አለፈበት። ከመካነ ሰላም ሥር የተቀበረው ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። አንድ ድንጋይ አንድ ዕድሜ ብቻ የለውም። ዚርኮን የምትናገረው ቅላጩ የረጋበትን ጊዜ ነው። የአርጎን ሰዓት የሚናገረው ዓለቱ የቀዘቀዘበትን ጊዜ ነው፤ ኋላ ዳግመኛ ቢግል ሰዓቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1964 ኬኔዲ «ፓን-አፍሪካን» ብሎ የሰየመው የ500 ሚሊዮን ዓመቱ ክስተት በመጀመሪያ የታየው እንዲህ ባሉ ዳግም በተነሱ ሰዓቶች ነበር። ሦስተኛው፣ የሳማሪየምና የኒዮዲሚየም ሰዓት፣ የዓለቱ ጥሬ ዕቃ ከምድር ጥልቅ ሆድ መቼ እንደወጣ ይናገራል። ይህ የምድር ቅርፊት መቼ እንዳደገ የሚነግረን ነው። አዲስ ሊጥ ነው የተጋገረው ወይስ የድሮ እንጀራ ፍርፍር ተሠርቶ ቀረበ? ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

በዚህ በኩል ኢትዮጵያ ልዩ ናት። የሰሜኑና የምዕራቡ ዓለት ባብዛኛው አዲስ ሊጥ ነው፤ ጥሬ ዕቃው ከምድር ሆድ የወጣው ዓለቱ ከመርጋቱ ብዙም ሳይቀድም ነው። በምሥራቅ፣ በሐረር በኩል ግን እ.ኤ.አ. በ1998 ተክላይ፣ ክሮነርና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት ከ2 ቢሊዮን ዓመት በላይ የሆነ የጥንት ቅርፊት ምልክት አሳይቷል። ስለዚህ አገራችን የቆመችው አዲሱና አሮጌው በተሰፉበት ስፌት ላይ ነው። «ይህ መሬት ስንት ዓመቱ ነው?» ለሚል ሰው መልሱ «የቱን ማለትህ ነው? የወጣበትን፣ የረጋበትን ወይስ የቀዘቀዘበትን?» የሚል ነው። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። የፖለቲካችን የዕድሜ ጭቅጭቅ ግማሹ ከዚህ አይመጣም ትላላችሁ? አንዱ ስለ ሥልጣኔ፣ አንዱ ስለ ድንበር፣ አንዱ ስለ መንግሥት ቅርጽ እያወራ፣ ሁሉም «አገር» በሚል አንድ ቃል ይደባደባል።

«ታዲያ ይህ ለኑሯችን ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። አንደኛ፣ ወርቅ። የሻኪሶው ለገደምቢም ሆነ የአሶሳና የትግራይ ወርቅ ያለው በዚህ ጥንታዊ ዓለት ነው፤ ግጭቱ ዓለቱን ሲሰነጥቅ ትኩስ ፈሳሽ በስንጥቁ ገብቶ ያስቀመጠው ነው። የቱ ስንጥቅ መቼ እንደተከፈተ የሚያውቅ የት እንደሚቆፍር ያውቃል። በመካነ ሰላም ያ ዓለት በባዛልትና በአሸዋ ድንጋይ ክምር ስለተሸፈነ የወሎ ድርሻ ሌላ ሆነ፤ የደላንታ ኦፓል የወጣቱ እሳተ ገሞራ ስጦታ ነው።

ሁለተኛ፣ ባለቤትነት። ከላይ የዘረዘርኳቸው ዚርኮኖች ባብዛኛው የተነበቡት ውጭ አገር ባሉ ላቦራቶሪዎች ነው። ወርቃችን በግራም ተመዝኖ ይወጣል፤ ታሪካችንን የያዘው ድንጋይ ግን በከረጢት ይወጣና የሚመለሰው በገንዘብ በሚከፈት መጽሔት ገጽ ላይ ነው። ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት በጥናቶቹ ውስጥ ስማቸው አለ፣ ድርሻቸውም ትልቅ ነው። የጎደለው ልኬቱን እዚሁ የሚያደርጉበት ቤት ነው። ስለ ጥንታዊነታችን በየመድረኩ ከምናፈሰው ገንዘብ ጥቂቱን ለእንዲህ ያለ ላቦራቶሪ ብናውለው፣ የወለጋና የትግራይ ልጅ የራሱን ድንጋይ ዕድሜ ራሱ ያነብ ነበር።

ካዝሚንና ባልደረቦቹ ካርታውን በትጋት ሠሩ፣ ዕድሜውን በዓይን ገመቱ። ልኬት ሲመጣ ግምቱ ተሻረ፣ ካርታው ግን ለቀጣዮቹ መነሻ ሆነ። ተሸነፍኩ ብሎ ያኮረፈ፣ አሸነፍኩ ብሎ የፎከረ አልነበረም። ክርክር እንዲህ ሲሆን አገር ይጠቅማል። በሚቀጥለው ስለ አገር ዕድሜ ስትከራከሩ በመጀመሪያ የቱን ዕድሜ እንደምትለኩ ተስማሙ፤ ከዚያ መለኪያችሁን አውጡ።

ቸር ያሰንብተን።